ሚያዝያ 18 እና ሚያዝያ 27፦ ከደሴ እስከ አዲስ አበባ፣ ሁለት ጊዜ ዘጠኝ ቀን

ጦሳ ሥር (ክሩን የከፈተው)
ሚያዝያ 11፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን፣ ወገኖቼ።

ሚያዝያ 27 በተቃረበ ቁጥር በቴሌቪዥን የምናየው አራት ኪሎን ነው፤ ሐውልቱን፣ የአበባ ጉንጉኑን፣ ጎፈር የደፉትን አባት አርበኞች። ቀኑ የአገር ነውና ደስ ይለኛል። እኔ ግን እዚህ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ ልጆቼንም እዚሁ የማሳድግ ሰው ነኝ። ዘንድሮ ቀኑን ከእኛ ደጃፍ ቆሜ ልየው ብዬ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥሁ። ቀን ስቆጥር ያገኘሁት ነገር ሌሊቱን እንቅልፍ ነሥቶኝ አደረ።

የሚታወቀውን ላስቀድም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ጦሩን አስከትሎ አዲስ አበባ ገባ። ልክ በአምስት ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው በእንጦጦ በኩል ወደ ዋና ከተማቸው ወረዱ። የሽንፈቱም የድሉም ቀን አንድ ሆነ። እስከዚህ ድረስ ልጆች ትምህርት ቤት ይማሩታል።

አሁን ዘጠኝ ቀን ወደ ኋላ እንመለስ። ባዶሊዮ ወደ አዲስ አበባ የዘመተው ከየት ነው? ከዚህ ከደሴ ነው። መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ከሆነው በኋላ የጣሊያን ጦር ወደ ደቡብ ገስግሶ ሚያዝያ 7 ደሴን ያዘ። አልጋ ወራሹ ከተማዋን ለቀው ወጥተው ስለ ነበር ደሴ ያለ ውጊያ ተያዘች። ባዶሊዮም ደርሶ መኪናውን፣ ነዳጁን፣ መድፉን እዚህ አከማቸ። ከዚያ ጣሊያኖች ራሳቸው «የብረት ፈቃድ ጉዞ» ብለው የሰየሙት የመኪና ሰልፍ ከደሴ ተንቀሳቀሰ። ቀኑ ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ነው።

አምስት ዓመት እንሻገር። ደሴ ከጣሊያን እጅ የወጣችው መቼ ነው? ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ነው።

አንዴ ከጻፍሁት በኋላ ሦስት ጊዜ ደግሜ ቆጠርሁት። ያ የመኪና ሰልፍ ከከተማችን በወጣበት ቀን፣ ልክ በአምስት ዓመቱ፣ የቀሩት ጣሊያኖች በከተማችን እጃቸውን ሰጡ። በሁለቱም ዓመታት ከደሴው ቀን እስከ አዲስ አበባው ቀን ያለው ዘጠኝ ቀን ነው። አገሪቱ ሚያዝያ 27ን ሁለት ጊዜ እንዳየችው ሁሉ ደሴም ሚያዝያ 18ን ሁለት ጊዜ አይታዋለች። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በቤታችንም በሰፈራችንም ይህ ቀን ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም።

ከአባቶቻችሁ፣ ከአያቶቻችሁ ስለዚያ ሚያዝያ የሰማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ። ትንሽም ቢሆን።

ቦርከና ማዶ
ሚያዝያ 11፣ ከምሽቱ 4፡05

ወንድሜ፣ የጻፍኸውን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። ስጨርስ ምንም ሳትናገር ተነሥታ ከማጀት ቀለሁን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ስለዚህ ስለ ቀለሁ ልንገርህ።

የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። ቤታችን ውስጥ አንድ የነሐስ የመድፍ ቀለህ አለ፤ ቁመቱ ከክንድ ጥቂት ያንሳል። አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ዕድሜ ልካቸውን ቡና የወቀጡት በእሱ ነው። የእንጨት ሙቀጫ አጥተው አይደለም። ዘነዘናው ሲያርፍበት እንደ ደወል ስለሚጮኽ ጎረቤቱ ሁሉ አቦል ሊደርስ መሆኑን በድምፁ ያውቅ ነበር። ከሥሩ ትንንሽ ፊደላትና ቁጥሮች ተቀርጸውበታል፤ ግማሾቹ ተፍቀዋል፤ ጣት ሲያርፍባቸው ግን ሁሉም ይታወቃሉ።

አያቴ በጦርነቱ ጊዜ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ቀን አይቆጥሩም ነበር፤ «የበልጉ ገብስ ጉልበት ደርሶ» ነበር የሚሉት። መድፉ ሲጀምር ቤተ ሰቡ ሁሉ ከብቱን እየነዳ ወደ ደጋው ሸሸ። ከላይ ሆነው ሲያዩ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ነጎድጓድ ይሰማ ነበር። ለቀናት አላቋረጠም። ጸጥ ሲል ታላቅ ወንድማቸው ቤቱ መኖር አለመኖሩን ሊያይ ወረደና ይህን ቀለህ በትከሻው ተሸክሞ ተመለሰ። ቤቱ ጣሪያው ተገንጥሎ ነበር፤ ከቤቱ ይልቅ ቀለሁን ማምጣቱ እናታቸውን አስቆጥቷቸው ነበር ይሉ ነበር።

ያ የኮምቦልቻ ውጊያ ያንተ ሚያዝያ 18 በር ነው። ኮምቦልቻ ሳይያዝ ደሴ አይወጣም። ጣሊያን በኮረብታዎቹ ላይ መድፉን ደርድሮ መንገዱን ዘግቶ ነበር። ከታች የመጣው የደቡብ አፍሪካ አንደኛ ብርጌድ ከሚያዝያ 9 እስከ ሚያዝያ 14 ኮረብታ በኮረብታ ሲዋጋ ሰነበተ፤ አርበኞቻችንም አብረው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ደሴ የወጡት።

ሰንበቴ ገበያ
ሚያዝያ 12፣ ጠዋት 1፡15

እኅቴ ስለ ቀለሁ የጻፍሽው ልቤን ነክቶታል። ወንድሜ ጦሳ ሥር ግን ቅር አይበልህ፤ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቀን መገጣጠሙ ምን ያስተምረናል? ዓመት 365 ቀን ነው፤ የሚያዝያ ወር ደግሞ በዚያ ጦርነት በመጀመሪያም በመጨረሻም የውጊያ ወር ነበር። ብዙ ነገር በተፈጸመበት ወር ሁለት ነገር በአንድ ቀን ቢያርፍ ያስደንቃል?

ሌላው ደግሞ ደሴን ያስለቀቀው በዋናነት የደቡብ አፍሪካ ጦር ነው። እኛ የራሳችን ቀን ብለን ብንይዘው የሰውን ድል ለራሳችን መቁጠር እንዳይሆን እፈራለሁ። የአርበኞቹን ሥራ በቅጡ የምናከብር ከሆነ ያኔ እስማማለሁ።

ጦሳ ሥር
ሚያዝያ 12፣ ከቀኑ 7፡30

ጥያቄህ ተገቢ ስለሆነ በቅጡ ልመልስ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 በአጋጣሚ የዋለ ቀን አይደለም። አዲስ አበባ የተለቀቀችው ከዚያ ወር ሊሞላ ሲል፣ መጋቢት 28 ነው። በዚያው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገብተዋል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ስንት ቀን ያስኬዳል? እንግሊዞች በከተማው ያሉት የጣሊያን ሲቪሎች ጉዳት እንዳይደርስባቸው ሠግተናል እያሉ መግባታቸውን አዘገዩባቸው። መዘግየቱ ካልቀረ ግን የሚገቡበት ቀን ያ የውርደት ቀን እንዲሆን ተደረገ። ባዶሊዮ የገባበትን ቀን መልሶ መውሰድ ማለት ነው። ያን ዕለትም ለሕዝቡ ያሉት ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ነበር። ቀኑ የተመረጠ፣ ትርጉም የተሰጠው ቀን ነው።

የደሴውን ግን ማንም አልመረጠውም። ጣሊያኑ በ1928 ሲነሣ በመኪናውና በነዳጁ ዝግጅት ልክ ተነሣ። በ1933 ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ ውጊያው የወሰደውን ያህል ወስዶ ሚያዝያ 18 ላይ አለቀ። ሁለቱን ያገናኘ አዋጅ የለም፣ ሰልፍም የለም። እኔን የያዘኝ ይህ ነው። የአዲስ አበባው ቀን ሐውልት ቆሞለታል፤ ይህኛው ከወረቀት ላይ ተነሥቶ የሚቆጥረው ሰው ካላገኘ የለም።

ስለ ደቡብ አፍሪካውያኑ ያልኸው እውነት ነው፤ ልንደብቀው አይገባም። ደሴ ላይ የተማረከው ጦር 8,000 ገደማ ነው፤ የማረኩትም በአብዛኛው እነሱ ናቸው። ነገር ግን ያ ብርጌድ በጠላት አገር መካከል እየተጓዘ አልነበረም። መንገድ የሚያሳየው፣ ጠላት የቱ ጋ እንደተቀመጠ የሚነግረው፣ በኮረብታው ጀርባ ጣሊያኑን እንቅልፍ የሚነሣው የእኛ ሰው ነበር። ለአምስት ዓመት ያልተኛ አገር ነው የተቀበላቸው።

የሆጤው
ሚያዝያ 12፣ ከምሽቱ 1፡50

ልጆቼ፣ በርቱ። እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ በዚህ መድረክ ላይ የምጽፈው የልጅ ልጄ እየረዳችኝ ነው።

ቀን እንዴት እንደሚመረጥ ስትነጋገሩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ በደርግ ዘመን ደሴ ተማሪ ነበርሁ። ያኔ የድል ቀን ብለን የተሰለፍነው ሚያዝያ 27 አልነበረም፤ መጋቢት 28 ነበር። ሚያዝያ 27 የንጉሡ መግቢያ ቀን ነው ተብሎ ተሻረና አዲስ አበባ የተለቀቀችበት ቀን ተተካ። መምህራችን በሰሌዳው ላይ አዲሱን ቀን ሲጽፍ አስታውሳለሁ። አባቴ ግን ቤት ውስጥ ሚያዝያ 27 ሲደርስ ነጭ ጋቢውን ያወጣ ነበር። ምንም አይናገርም፤ ጋቢውን ለብሶ በር ላይ ይቀመጣል፤ ሲመሽ አጣጥፎ ይመልሰዋል። ከ1983 በኋላ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ሲመለስ አባቴ አልነበረም።

አባቴ በ1928 ሕፃን አልነበረም፤ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነበር። የኅዳር 26ቱን የአውሮፕላን ድብደባ በዓይኑ አይቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ያኔ ደሴ ነበሩ፤ መትረየስ ይዘው ወደ አውሮፕላኖቹ ሲተኩሱ የተነሡት ፎቶግራፍ የዚያ ቀን ነው። ሆስፒታሉም የቀይ መስቀል ምልክት እያለበት ተመትቷል። አባቴ ግን ስለ ንጉሡ ሲያወራ አልሰማሁትም። የሚያወራው ስለ ሣር ቤቶቹ ነበር፤ አንዱ ሲቃጠል ነፋሱ ለሌላው እያቀበለው እንዴት እንደ ሄደ።

የአምባሰል ልጅ
ሚያዝያ 13፣ ጠዋት 3፡00

ጋሼ የሆጤው፣ ዕድሜዎን ያርዝምልን። ስለ ጋቢው የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

ስለ ሚያዝያ ከተነሣ ውጫሌን አንርሳ። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ አምባሰል ውስጥ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ፣ ምኒልክና አንቶኔሊ ውሉን የተፈራረሙት ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ነው። በአውሮፓውያኑ ሜይ 2፣ 1889 ማለት ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ይላል፤ በጣሊያንኛው ደግሞ ግዴታ አድርጎታል። ከአንድ ግሥ የመጣውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ዓድዋ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በ1928 በባቡር ወደ ጅቡቲ የተነሡት ሜይ 2 ነው። ውጫሌ በተፈረመበት ቀን፣ በ47 ዓመቱ! ጣሊያን በውል ያላገኘውን በጦር ያገኘ የመሰለው በዚያው ቀን ነው። ጦሳ ሥር ይህን እንዴት ሳትቆጥረው ቀረህ?

ባሕረ ሐሳብ
ሚያዝያ 13፣ ከምሽቱ 3፡25

የአምባሰሉ ወንድማችን ያነሣው መልካም ነው፤ ግን አንድ ቀን ይጎድለዋል። ነገሩ ደስ የሚል ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

ውጫሌ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ የተነሡት ግን ሚያዝያ 24 ነው። በአውሮፓውያን ሁለቱም ሜይ 2 ናቸው። እንዴት ሆነ? የእኛ ዘመን በየአራት ዓመቱ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያበቃ፣ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፤ ይህ ተዘልሎ አያውቅም። ጎርጎርዮሳውያን ግን የመቶ ዓመት መዝጊያው ለአራት መቶ ካልተካፈለ ትርፏን ቀን ያስቀራሉ። በእነሱ 1900 ላይ አስቀሯት። ስለዚህ ከ1900 በፊት ሜይ 2 የነበረው የእኛ ሚያዝያ 25፣ ከዚያ በኋላ ሜይ 3 ላይ ይውላል። በውጫሌና በስደቱ መካከል ያቺ የጠፋች ቀን አለች።

የዓድዋም ነገር ከዚሁ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 በውጭ መጻሕፍት ማርች 1 ተብሎ ይገኛል፤ እኛ ደግሞ በየዓመቱ የምናከብረው በማርች 2 ነው። ብዙ ወጣት አንዱ ተሳስቷል ብሎ ሲከራከር አያለሁ። ማንም አልተሳሳተም፤ የካቲት 23 የካቲት 23 ነው፤ የተንቀሳቀሰው የእነሱ ነው።

የጦሳ ሥር ሁለት ቀኖች ግን በ1928ም በ1933ም ከዚያች ቀን በኋላ ስለሆኑ በሁለቱም አቆጣጠር አይዛነፉም። ሚያዝያ 18 ኤፕሪል 26 ነው፤ ሚያዝያ 27 ሜይ 5 ነው። ቆጠራህ ትክክል ነው፣ ልጄ።

እጄ ካልቀረ አጽዋማቱንም አወጣሁ። በ1928 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 4 ነበር። ደሴ የተያዘችው እንግዲህ በፋሲካ ሳምንት፣ ረቡዕ ነው፤ በየቤቱ የፋሲካው እንጀራ ገና ከመሶቡ አላለቀም ነበር። የመኪናው ሰልፍ የተነሣበት ሚያዝያ 18 እሑድ ነው። በ1933 ደግሞ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። የእኅታችን የኮምቦልቻው ውጊያ የተጀመረበት ሚያዝያ 9 ጸሎተ ሐሙስ ነው። ስቅለትም፣ ቀዳም ሥዑርም፣ የትንሣኤውም ሌሊት በመድፍ ድምፅ ውስጥ አለፉ። ደሴ የተለቀቀችው ቅዳሜ፣ የዳግም ትንሣኤ ዋዜማ ነው። በዚያ ዓመት ስግደት ላይ የነበሩት ካህናት መሬቱ በግንባራቸው ሥር ሲንቀጠቀጥ ምን ብለው ይሆን እያልሁ አሰብሁ።

27 የመድኃኔዓለም ወርኃዊ መታሰቢያ መሆኑንም ልጨምር፤ ለቀድሞው ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቦርከና ማዶ
ሚያዝያ 13፣ ከምሽቱ 4፡10

አባቴ ባሕረ ሐሳብ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ «እማማ ጎረቤቶቻችን ያን ጊዜ ፋሲካን ያዋሉት ከእኛ ጋር ደጋው ላይ ነው፤ በጉ ሳይታረድ ቀረ ይሉ ነበር» አለች። ይህን ከዚህ በፊት ነግራኝ አታውቅም። ያንተ ቆጠራ ነው ያወጣው።

ሹፌር ዘወሎ
ሚያዝያ 14፣ ከሌሊቱ 7፡20

እኔ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ፤ ከደሴ አዲስ አበባ ስመላለስ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ስለ መጻሕፍቱ አላውቅም፤ መንገዱን ግን አውቀዋለሁ።

400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ ፍሬንህ ጥርት ያለ መሆን አለበት። ሐርቡን፣ ከሚሴን አልፈህ ሸዋሮቢት ድረስ ቆላ ነው፤ መስኮት ከፍተህ ትነዳለህ። ከዚያ ደብረ ሲና ላይ ካፖርት ትደርባለህ። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከቆላ ወደ ውርጭ ትወጣለህ። ሞተሩም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል።

አሁን በበልግ ዝናብ፣ አስፋልት በሌለበት፣ ከ1,500 በላይ መኪና ተከታትሎ ሲሄድ አስቡት። የፊተኛው ያለፈበትን ጭቃ የኋለኛው ቡኮ ያደርገዋል። አንድ መኪና ከተቀረቀረ ከኋላ ያለው ሁሉ ይቆማል። ጣርማ በር ላይ ደግሞ ወገኖቻችን መንገዱን ንደውት ነበር። ገደሉ ጫፍ ላይ መንገድ ሲናድ የሚሆነውን እኔ በክረምት አይቼዋለሁ፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም መዞሪያ የለም፤ ድንጋይ በእጅ ተሸክመህ ከመሙላት በቀር። ወታደሮቹ ያንኑ አደረጉ። ለዚያ ነው ዘጠኝ ቀን የፈጀባቸው። ብዙ ሰው ጣሊያን ሰተት ብሎ ገባ ይላል። ሰተት አላለም። ያን መንገድ የናዱት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ስማቸውን ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ኋላ ጣሊያን እዚያው ተራራ ላይ ዋሻ ፈለፈለ፤ አሁንም በእሱ ውስጥ ነው የማልፈው።

ላስታ
ሚያዝያ 14፣ ከቀኑ 9፡45

ውድ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ስለ ደሴና ስለ አዲስ አበባ ስታወሩ እኔ ከላስታ በኩል የተሰማኝን ልጻፍ።

ከማይጨው በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ አልሄዱም። በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ጦራቸው ከአየር ከተደበደበ በኋላ ወደ ላሊበላ ወጥተው ጸለዩ። ወታደር አዋቂዎች ጊዜ አባከኑ ብለው ይወቅሷቸዋል። የእኛ ሽማግሌዎች ግን እንደዚያ አያዩትም፤ የተሸነፈ ሰው ሌላ ወዴት ይሄዳል ይላሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ሁለተኛው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ለላስታና ለዋግ የጦርነቱ ፍጻሜ አልነበረም፤ መጀመሪያ ነው። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በዚህ በእኛ ተራራ ላይ ተዋግተው ወድቀዋል። ራስ ካሣ ከልጆቻቸው አንዱን፣ ደጃዝማች ወንድወሰንን፣ ያጡት በዚሁ አገር ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ሲደርስም ሰሜኑ ገና አልተለቀቀም። የአኦስታው መስፍን አምባ አላጌ ላይ እጁን የሰጠው ግንቦት 11 ነው። ጎንደርማ እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ድረስ ቆየ። አዲስ አበባ እልል ስትል በሰሜን ሰው ገና እየሞተ ነበር። የድል በዓል አንድ ቀን መሆኑ ግድ ነው፤ ድሉ ግን በአንድ ቀን አልመጣም። ሚያዝያ 18 ቢታወስ ለእኔ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ አገር የራሱ ቀን አለው።

ተማሪ ከገራዶ
ሚያዝያ 15፣ ከምሽቱ 1፡10

ጥያቄ አለኝ። ወሎን የነካ ሌላ እንዲህ ያለ ቀን አለ? ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን የወረዱት በመስቀል ቀን ነው የሚባለው እውነት ነው?

ጦሳ ሥር
ሚያዝያ 15፣ ከምሽቱ 2፡00

እውነት ነው፣ የኔ ወንድም። መስከረም 17 ቀን 1909 ነው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ተነሥተው ዘመቱ። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። መስከረም 17፣ ጥቅምት 17። ለዚህ ራሱን የቻለ ክር ቢከፈትለት ይሻላል፤ አንተ ክፈተው፣ እኔ እመጣለሁ። አይጠየፍ አዳራሽን ገብተህ ካላየኸው ግን መጀመሪያ ሄደህ እየው፤ ከዚያ የተነሣውን ጦር ማሰብ ይቀልሃል።

ሰንበቴ ገበያ
ሚያዝያ 16፣ ጠዋት 2፡30

ሦስት ቀን ዝም ብዬ አነበብሁ። አንድ ነገር ላስተካክል። ቀን መገጣጠሙ ምን ያስተምረናል ብዬ ነበር። ባይገጣጠም ኖሮ እኅታችን ቀለሁን፣ ጋሼ የአባታቸውን ጋቢ፣ ሹፌሩ የተናደውን መንገድ ባላመጡልን ነበር። ስለ መገጣጠሙ አሁንም ያው ነኝ፤ አጋጣሚ ነው። ቀኑን ግን እይዘዋለሁ። የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ከተዘረፈ በኋላ በየቤቱ የቀረው ዕቃ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ቀለሁን ጠብቁት።

የሆጤው
ሚያዝያ 16፣ ከቀኑ 10፡20

የአባቴ ጋቢ እኔ ዘንድ አለ። የልጅ ልጄ ይህን ስታነብልኝ ሄዳ ከሣጥኑ አወጣችው። ዳሩ ተበልቷል፤ ጥለቱ ደህና ነው። ሚያዝያ 18ም ሚያዝያ 27ም እለብሰዋለሁ።

ጦሳ ሥር
ሚያዝያ 18፣ ከቀኑ 5፡10

ዛሬ ጠዋት ከትልቁ ልጄ ጋር ኮምቦልቻ ወርደን ነበር። ቦርከና ማዶ ጋብዛን፣ እናቷ ቡና አፍልተው ጠበቁን። ቡናው የተወቀጠው በቀለሁ ነው። ድምፁ እንደተባለው ነው፤ መጀመሪያ ስሰማው ደነገጥሁ።

ልጄ አሥር ዓመቱ ነው። ቡናው ከተገለበጠ በኋላ ቀለሁን አፉን ወደ ታች አዙሮ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ከሥሩ ያለውን ጽሕፈት በእርሳስ ደብተሩ ላይ ቀዳ። የጠፉትን ፊደላት ወረቀት አልብሶ በእርሳሱ ሲያሸው ሁለቱ ወጡ። እናቲቱ ከበረካው ስኒ ቀና ብለው «ሰማንያ ዓመት ስንወቅጥበት ማንም እንዲህ አላደረገውም» አሉት። ወረቀቱን ለእሳቸው ትቶ መጣ፤ ሌላ ለራሱ ደግሞ ቀድቷል።

ሹፌር ዘወሎ
ሚያዝያ 18፣ ከቀኑ 6፡35

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከደሴ ተነሣሁ። ጣርማ በር ነኝ፤ ከዋሻው በፊት ጥግ ይዤ ቆሜ ነው የምጽፍላችሁ። ጭጋጉ ከአፉ አልለቀቀም፤ ከፊቴ ሦስት መኪና አለ። እነሱ ሲገቡ መብራት አብርቼ እከተላለሁ።